ዶሮዬን ልርዳት ወይስ ልረዳት?

«ነይማ ልጄ፣ ይችን ጉድ እይልኝ! ዶሮዬ ሰከረች!»

ላሊበላ ከተማ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት በማለዳ ከአጥራቸው ወዲያ ሆነው የጠሩኝ እንዲህ ብለው ነበር። ወቅቱ የዐቢይ ጾም እኩሌታ ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ። ግቢው መሀል አንዲት ገብስማ ዶሮ ቆማለች፤ መቆም ከተባለ! አንገቷን ወደ ቀኝ አዘንብላለች። አንድ ክንፏን እንደ ምርኩዝ መሬት አስደግፋለች። አንዴ ተራምዳ ሁለቴ ትንገዳገዳለች። እትዬ ገብስ በተኑላት። ድምፁን ሰምታ ዞረች። ልትለቅም ስታጎነብስ ግን ጥሬው እዚህ፣ አፏ እዚያ! ባዶ መሬት ስትጠቀጥቅ ቆይታ አንዲት ፍሬ ሳታነሳ ቀረች። ከዚያ ደግሞ ውድማ ላይ እንደሚያበራይ በሬ በአንድ ወገን ብቻ መዞር ጀመረች።

«ፈንግል ነው። አለቀልኝ!» አሉና እትዬ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ «ለአንዲት ዶሮ ይህ ሁሉ ወሬ!» የምትሉ አትጠፉም። እስቲ ቆይ። በዚህ ቤት ዶሮ ማለት የልጅ ደብተር ነው፣ ሳሙና ነው፣ ጨው ነው። የእትዬ ልጅ ድሮ እንግዳ በበቅሎ ወደ አሸተን ማርያም እያወጣ ቤቱን ይደጉም ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 መጨረሻ ደግሞ ጦርነቱ ከተማችን ድረስ ገባ። የእንግዳ እግር ሲደርቅ ብዙ ቤት የቆመው በሴቶቹ እንቁላል ነው። ገብስማዋ ደግሞ ተራ ዶሮ አይደለችም። በደንብ ትጥላለች፣ ስትታቀፍም አትነሳም፣ ጫጩቶቿን ለጭላት አታስነካም። እንዲህ ያለች ዶሮ ያላት ሴት ያውቃታል!

የእትዬ ድንጋጤ ግን ሌላም ምክንያት ነበረው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ ፋሲካ ሲቃረብ፣ ከቅዳሜ ገበያ አንዲት ቄብ በርካሽ ገዝተው ያመጣሉ። ቄቧ በሦስተኛው ቀን ተኮራምታ ዋለች፣ በአራተኛው ሞተች። ሳምንት ቆይቶ አረንጓዴ ኩስ፣ ማቃተት፣ አንገት መጠማዘዝ ግቢውን ሞላው። 14 ዶሮ ነበራቸው፤ ሁለት ተረፉ። ገብስማዋ ከተረፉት ከአንደኛዋ የተፈለፈለች ናት።

«አሁን ምን ላድርግ?» አሉኝ። «ልረዳት እንዳልል ጾም ነው። ልርዳት እንዳልል ምኗን ይዤ? ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ነው፣ ፋሲካም ደርሷል፣ ዶሮ ተወዷል። ገበያ ላይ እግሯን አስሬ ቁልቁል ብይዛት መንገዳገዷን ማን ያያል?»

ዝም አልኩ። ምን ይባላል? እሳቸውም ዝም አሉ። ቆይተው ግን ራሳቸው፣ «ያቺን ቄብ የሸጠልኝ ሰውዬም እንዲሁ ብሎ ይሆናል» አሉና ተነሱ።

የዛሬው ጽሑፌ የመጣው ከዚህ ነው። ልርዳት እና ልረዳት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ነው። በመካከላቸው ግን መታየት ያለበት ብዙ ነገር አለ።

ከሁሉ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ

ዶሮ ስትንገዳገድ ስታዩ በሽታው ምን እንደሆነ እስክታውቁ አትጠብቁ። ወዲያው ከሌሎቹ ለዩአት። ሰፊ ካርቶን ወይም ቅርጫት ይበቃል። ከሥሩ ጭድ ጎዝጉዙ። የላስታ ሌሊት ብርድ ነው፤ በከፍታ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን። ታማሚ ዶሮ ደግሞ ሰውነቷን ማሞቅ ያቅታታል። ስለዚህ ከነፋስ የተከለለ፣ ጭስ የማይበዛበት ቦታ ስጧት። ቆጥ ላይ አታስወጧት፤ ሚዛኗን ያጣች ዶሮ ከቆጥ ወድቃ ሌላ ስብራት ታተርፋለች። በጎኗ የምትወድቅ ከሆነ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ግራና ቀኟን ደግፉላት። በቀን ሁለት ሦስቴ ደግሞ ጎኗን ቀይሩላት።

ዓይኗ የማያይ ዶሮ አጠገቧ ጥሬ ተከምሮላት በረሃብ ትሞታለች። ስለዚህ ምግቧን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ አድርጉ። ሰሃኑን በጣታችሁ ኳ ኳ አድርጉላት፤ ድምፁን ቶሎ ትለምደዋለች። የደረቀ ገብስ መልቀም ካቃታት ሽርክት በውሃ አርሳችሁ ወፈር ያለ አድርጋችሁ ስጧት። የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍሮ መስጠትም ጥሩ ነው። ውሃውን ጎድጎድ ባለ ዕቃ አታድርጉ፤ አንገቷ ተደፍቶ ሊያሰጥማት ይችላል። በዝርግ ሰሃን አድርጋችሁ የአፏን ጫፍ ብቻ ነከር አድርጉላት። በፍጹም ግን ውሃ አትጋቷት! ብዙ ዶሮ የሞተችው በበሽታው ሳይሆን ሳንባዋ በገባ ውሃ ነው።

እሷን የምትንከባከቡት ጤነኞቹን ከመገባችሁ በኋላ ይሁን። ስትጨርሱ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ልጆች እንዳይነካኳት።

አንገት ያዘነበለ ሁሉ ፈንግል አይደለም

በእኛ አገር ዶሮ ስትዞር ካየን «ፈንግል» እንላለን፤ እርግማናችንም «ፈንግል ይጨርስሽ» ነው። ግን ዶሮን የሚያሳውርና የሚያንገዳግድ ነገር ብዙ ነው። ቀስ ብላችሁ ዓይኗን፣ የአፏን ውስጥ፣ እግሯን፣ ኩሷንና ጓደኞቿን እዩ።

ፈንግል። በፈረንጆቹ ስም ኒውካስል ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1926 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኒውካስል ከተማ አካባቢ በመታየቱ ነው፤ በዚያው ዓመት በጃቫ ደሴትም ታይቷል። ቫይረስ ነው። ምልክቱ አንድ ዶሮ ላይ አይቆምም፤ በቀናት ውስጥ ግቢውን ያዳርሳል። አፍ ከፍቶ ማቃተት፣ አረንጓዴ ወይም ነጭ ውሃማ ኩስ፣ የክንፍ መውደቅ፣ የአንገት መጠማዘዝ፣ የእግር መስነፍ ያመጣል። ያልተከተበ መንጋ ላይ ሲወርድ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል። መድኃኒት የለውም። የተረፈችዋም አንገቷ ጠማማ ሆኖ ሊቀር ይችላል።

የማሬክ በሽታ። ሀንጋሪያዊው ሐኪም ጆሴፍ ማሬክ በ1907 እ.ኤ.አ. የገለጸው ነው። ይኸም ቫይረስ ነው። ብዙ ጊዜ የሚይዘው ወራት የሆናቸውን ቄቦችና ኮርማዎች ነው። አንዱ እግር ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ተዘርግቶ ትተኛለች። አንዳንዴ የዓይኗ ቀለም ግራጫ ይሆንና ብሌኗ ቅርጹን ያጣል፤ ከዚያ ትታወራለች። ፈውስ የለውም። ክትባቱ የሚሰጠው ጫጩቷ እንደተፈለፈለች ነው። ስለዚህ የውጭ ዝርያ ጫጩት ስትገዙ «ለማሬክ ተከትቧል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

የዶሮ ፈንጣጣ። አናቷ ላይ ባለው ቀይ ሥጋ፣ በዓይኗና በአፏ ዙሪያ ቅርፊት ያለው ቁስል ያወጣል። ዓይኗ ይጋረዳል እንጂ ሚዛኗ አይጠፋም፤ የምትደናበረው ስለማታይ ነው። ብዙዎቹ ከተመገቡ ይድናሉ። ለብ ባለ ውሃ ዓይኗን እጠቡላት፤ ቅርፊቱን ግን አትላጡ።

የምግብ ጉድለት። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ዓይን ያለቅሳል፣ ያብጣል፣ ቆቡ ይጣበቃል፣ ከሥሩም እንደ አይብ የረጋ ነጭ ነገር ይወጣል። ዶሮዋ ትከሳለች፣ እርምጃዋ ይላላል፣ እንቁላል ትቀንሳለች። ቫይታሚን ቢ 1 ሲጎድል ደግሞ አንገቷን ወደ ኋላ አጥፋ ሰማይ ሰማይ ታያለች። የቆየና የሻገተ መኖ የሚበሉ ጫጩቶች ላይም በቫይታሚን ኢ እጥረት መንገዳገድና መውደቅ ይመጣል።

አደጋና መርዝ። ሕፃን በድንጋይ መትቷት ይሆናል። አውራ ዶሮ ነክሷት ይሆናል። ፀረ ተባይ የተነካካ ዘር ለቅማም ይሆናል። ድንገት ከሆነና አንዷ ላይ ብቻ ከሆነ ይህንም አስቡ።

ዓለምን ያስተማረች ተንገዳጋጅ ዶሮ

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ላጫውታችሁ። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ክርስቲያን አይክማን የሚባል የኔዘርላንድ ሐኪም በጃቫ ደሴት ቤሪቤሪ የተባለውን የሰው በሽታ ያጠና ነበር። የሚያረባቸው ዶሮዎች አንድ ቀን እንደ እትዬ ዶሮ መንገዳገድ ጀመሩ። ተዋሲ ፈለገ፣ አጣ። ከወራት በኋላ ዶሮዎቹ ሳይታከሙ ዳኑ! ነገሩን ሲያጣራ፣ ቀድሞ ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት የተፈተገ ነጭ ሩዝ ይመጣላቸው እንደነበር ታወቀ። አዲስ የመጣ ወጥ ቤት ግን «የወታደር ሩዝ ለዶሮ አልሰጥም» ብሎ ከልክሎ ነበር። ዶሮዎቹ ያልተፈተገ ሩዝ ሲበሉ ዳኑ። ዛሬ ቫይታሚን የምንለውን ነገር ዓለም እንዲያውቀው ከረዱት ግኝቶች አንዱ ይህ ነው። አይክማንም በ1929 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። እንግዲህ የወጥ ቤቱ ንፍገት ዶሮዎቹን አዳናቸው ማለት ነው!

የእትዬ ዶሮ ምን ሆና ነበር?

በማግሥቱ የወረዳው የከብት ሐኪም መጣ። ወጣት ነው። ዶሮዋን ጭኑ ላይ አድርጎ የግራ ዓይኗን ቆብ ገለጥ ሲያደርገው፣ ከሥሩ እንደ አይብ የረጋ ነገር ወጣ። ቀኙም አብጧል። አፏን ከፍቶ አየ፤ ጉሮሮዋ አካባቢ ጥቃቅን ነጭ ነጠብጣብ አለ። ኩሷ ደህና ነው። ሌሎቹን ስድስት ዶሮዎች ቆጠረ። አንዷ ዓይኗ ያለቅሳል፣ ሁሉም እንቁላል ቀንሰዋል። ያቃተተች ግን የለም፣ የሞተችም የለም።

«እማማ፣ ምን ያበሏቸዋል?»

«ገብስና ስንዴ ነዋ! ጾም አላስጾምኳቸው!»

«ከግቢ ይወጣሉ?»

እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠ። ጥር ላይ ዶሮዎቹ የጎረቤት የመስኖ ጎመን ጭረው ጠብ ተነስቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ እትዬ ዘግተውባቸዋል። በጋው ግቢውን አድርቆታል፤ አንዲት ቅጠል የለም። ገብስና ስንዴ ሆድ ይሞላል እንጂ ቫይታሚን ኤ የለውም ማለት ይቻላል።

ሐኪሙ ሳቀ። «እርስዎ በጾሙ ጎመን ይበላሉ፤ ዶሮዎቹን ግን ጎመን አስጾሟቸው!» አላቸው። «ፈንግል አይመስለኝም። ምልክቱ ወደ ቫይታሚን ኤ እጥረት ያደላል። ብቻ እስኪለይ ድረስ ከዚህ ግቢ ዶሮ አይውጣ፣ አይግባ።»

ሕክምናው ቀላል ነበር። ለብ ባለና ጨው ጣል በተደረገበት ውሃ ዓይኗን ጠዋት ማታ ማጠብ። ሐኪሙ የጻፈውን የቫይታሚን ዱቄት ማሸጊያው ላይ በተመለከተው ልክ ውሃዋ ውስጥ መበጥበጥ፤ ይበልጥ ይጠቅማል ብሎ ማብዛት ራሱ መርዝ ነው። ከዚያ ለሁሉም በየቀኑ ቅጠል፦ ጎመን፣ ቆስጣ፣ የተፈቀፈቀ ካሮት። ቢጫ በቆሎ ለተገኘለትም ከነጩ ይሻላል።

ሐኪሙ ሲወጣ አንድ ነገር ተናገረ፤ እኔም አልረሳሁትም። ዳፍንት የምንለው፣ ሲመሽ ዓይን የሚጋርደው የሰው ሕመም ዋናው ምክንያት ይኸው የቫይታሚን ኤ ጉድለት ነው። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ስለዚህ የዶሮዋ ዓይን ሲታመም የልጆቻችሁንም ማዕድ እዩ። ጓሮው ለእሷ ቅጠል ካጣ ለእነሱስ?

እባካችሁ ይህን አታድርጉ

ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ አረቄ የሚያጠጡ አሉ። አረቄ ለተንገዳገደች ዶሮ? እሷማ ሳትጠጣም ሰክራለች! እነዚህ ፈንግልን እንደሚፈውሱ የታየ ነገር የለም፤ አረቄው ደግሞ ያዳክማታል። የሰው ቴትራሳይክሊን ካፕሱል ከፍተው የሚበጠብጡም ብዙ ናቸው። ፈንግልም ማሬክም ቫይረስ ናቸው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረስ አይነካም። መድኃኒቱ በእንቁላሏ አልፎ ወደ ልጆቻችሁ ሆድ ይገባል፤ ትርፉ ይኸው ነው። ሐኪም አንቲባዮቲክ ካዘዘላትም እንቁላሏን ለስንት ቀን እንደማትበሉ ጠይቁ።

የታመመች ወይም የሞተች ዶሮ ሥጋ አትብሉ፣ ለውሻም አትስጡ። ፈንግል በሰው ላይ ብዙ ጊዜ ከዓይን መቅላት አያልፍም። ዶሮዋ ግን በሌላ በሽታም ታማ ሊሆን ይችላል፤ በዓይናችሁ አትለዩትም። የሞተችውን ገደል አትጣሉ፣ ወንዝ ዳር አትጣሉ። ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍራችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ላባና ኩሱንም ጨምራችሁ።

ሁለት ሦስት ዶሮ በተከታታይ ከሞተባችሁ አትደብቁ፤ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ። ኮምቦልቻ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ ባለሙያው ናሙና መላክ ካስፈለገ መንገዱን ያውቃል።

ጠብታዋ

የፈንግል መድኃኒቱ ቀድሞ መከተብ ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው፣ በ1964 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የመንግሥት የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም እዚሁ አገራችን ይመረታል። ከዓይነቶቹ አንዱ ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋም፣ ለገጠር ዶሮ የሚመች ነው። በዓይን አንድ ጠብታ፣ በቃ! ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ይደገማል። አንድ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆንና ከተበጠበጠ በኋላ ስለማይቆይ፣ ጎረቤት ተሰባስቦ በአንድ ቀን ቢያስከትብ ይሻላል።

ሁለት ነገር ያዙ። አንደኛ፣ ክትባት ጤነኛዋን ይጠብቃል እንጂ የታመመችን አያድንም። ሁለተኛ፣ ሥራውን ለመጀመር ሳምንት ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ የበዓል ገበያ ከመድመቁ፣ ክረምቱም ከመግባቱ አንድ ወር ቀደም ብላችሁ አስከትቡ። ከገበያ የገባች ዶሮንም ቢያንስ ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩአት። የእትዬ 12 ዶሮ ያለቀው ያቺ ቄብ በመጣችበት ማታ ከሌሎቹ ጋር አንድ ቆጥ ላይ ስላደረች ነው።

ልረዳት የሚባለውስ መቼ ነው?

ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። ሦስት ቀን ሙሉ ተንከባክባችኋት ካልበላችና ካልጠጣች፣ መነሳት ካቃታት፣ ወይም ሐኪሙ ተስፋ የላትም ካለ፣ ሥቃይዋን ማሳጠር ርኅራኄ ነው። ያን ጊዜም ግን ለጉድጓድ እንጂ ለድስት አይደለም። ለገበያማ በጭራሽ! ቁልቁል አንጠልጥላችሁ የምትሸጧት ዶሮ የምታርፈው የሌላ እናት ቆጥ ላይ ነው። ያቺም እናት ደብተርና ሳሙና የምትገዛው በእንቁላል ነው።

እትዬ ያን ቅዳሜ ገበያ ሄዱ፤ ዶሮ ሳይዙ። ጎመን ዘር ገዝተው ተመለሱ። «ለሰውም ለዶሮም» አሉኝ። ጠብ ከነበራቸው ጎረቤታቸው ጋርም ታረቁ። በየማታው ከጎመኑ ዳር ዳሩን የረገፈውን ቅጠል ጎረቤቲቱ ይሰጣሉ፣ እትዬ ደግሞ ፍግ ይሰጧቸዋል።

ገብስማዋ በአምስተኛው ቀን ቀጥ ብላ ቆመች። በሁለተኛው ሳምንት ጥሬ መልቀም ቻለች። የቀኝ ዓይኗ ሙሉ በሙሉ ድኗል። ግራው ግን ነጭ ሆኖ ቀርቷል፤ ሐኪሙም «የዘገየ ነው፣ አይመለስም» ብሏል። ፋሲካ አለፈ፣ አልታረደችም። ሁሉም ዶሮዎች ከጎረቤቶቹ ዶሮዎች ጋር ጠብታቸውን አገኙ። ግንቦት ላይ እንቁላል ጀመረች፤ ሰኔ ላይ 12 እንቁላል ታቅፋ በ21ኛው ቀን 9 ጫጩት ፈለፈለች።

ባለፈው ሄጄ አየኋት። ጫጩቶቿን የምትመራው በደህና ዓይኗ በኩል ነው። በነጩ ዓይኗ በኩል የሄደ ጫጩት ካለ ድምፁን ሰምታ ዞር ትልለታለች። እትዬ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩአታል።

«አየሽ ልጄ» አሉኝ፣ «ያን ቅዳሜ ሸጫት ቢሆን፣ ገንዘቡ እስካሁን ምን ላይ እንደዋለ አላውቅም ነበር።»

ሳምንት ሰው ይበለን።